ያላየሁት ባሕር ትሎች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አለቃዬ ሩበን በመሥሪያ ቤቱ ካንቲን መሀል ቆሞ፣ ብርጭቆውን በማንኪያ እየመታ ሰዉን ጸጥ አሰኘና ንግግር አደረገልኝ። «ወይንሸት የላቦራቶሪያችን ወርቃማ እጅ ነበረች» አለ። ተጨበጨበ። አበባ ታቀፍኩ። በስንብቱ ካርድ ላይ ስሜ ሁለት ፊደል ጎድሎት ተጽፏል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከሰሜንና ከደቡብ ዋልታ ባሕር ወለል የወጣ ጭቃ አጥቤ፣ ከጭቃው ውስጥ የሰው ዐይን አይቷቸው የማያውቃቸውን ትሎች ለቅሜ፣ ሥዬ፣ መልካቸውን በጽሑፍ አስፍሬ፣ በመጨረሻ እጅ ተባልኩ። ዐይን እንዳልነበረኝ። ጭንቅላት እንዳልነበረኝ።

አበባውን ትራሙ ወንበር ላይ ትቼው ወረድኩ። አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት የሚባለው ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ወረቀት ፈለግኩ። ይኸው ከዘጠኝ ወር በኋላም ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ልጄ ሊያ «ሲበርድልሽ ብትጽፊው ይሻላል» ብላኝ ነበር። ሲበርድልኝማ አልጽፈውም።

ሙያዬን የጀመርኩት ጅማ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ ከጠዋት እስከ ማታ በማይክሮስኮፕ ሰገራ አያለሁ። የወስፋት እንቁላል፣ የመንጠቆ ትል እንቁላል፣ የኮሶ ቁራጭ። ሥራው አያኮራም፤ ግን ዐይን ይስላል። አገር ለቅቄ ሆላንድ ስገባ ሊያ ገና ድክድክ ትል ነበር። ዲፕሎማዬ ተመዘነና እዚህ እንደማያሠራኝ ተነገረኝ። ስለዚህ መወልወያ ያዝኩ። የጽዳት ኩባንያው የመደበኝ አምስተርዳም ውስጥ የባሕር እንስሳት የሚጠኑበት አንድ ሕንፃ ላይ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ከወለል እስከ ጣሪያ ብልቃጥ ብቻ ነበር፤ በየብልቃጡ ውስጥ አልኮል፣ በአልኮሉ ውስጥ ትል።

የዚያ ፎቅ አዛዥ ዶክተር ኮርኔሊያ ነበሩ። ረጅም፣ ከሲታ፣ እርሳስ በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት። እንደ ሌሎቹ ጽዳት ሠራተኛ ሲያዩ ግድግዳ ያዩ አይመስሉም፤ «ጤና ይስጥልኝ» ይላሉ፣ መልስ እስኪያገኙም ይቆማሉ።

አንድ ጠዋት ጠረጴዛቸውን ስወለውል ማይክሮስኮፑ መብራቱ በርቶ አገኘሁት። ስንት ዓመት ዐይኔን አሳርፌበት አላውቅም። ጎንበስ አልኩ። ነጭ፣ የጥፍር ያህል ርዝመት ያለው፣ በሁለት ጎኑ እግር የደረደረ ትል ነው፤ ከየእግሩ ጫፍ እንደ ብርጭቆ የጠራ ጠጉር ወጥቷል። እሱን ሳይ ዶክተሯ ከኋላዬ መጡ። ልባረር ነው ብዬ ክው አልኩ።

«ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

«ሁለት ነው» አልኳቸው በተሰባበረ ደች።

«ምኑ ነው ሁለት?»

«ትሉ። ጭንቅላቱ የአንዱ ነው፣ ጅራቱ የሌላው። የፊተኛው ጠጉር ጥርስ አለው፤ የኋለኛው ልሙጥ ነው።»

የጥልቅ ባሕር ትል ስስ ስለሆነ ከጭቃው ሲወጣ ይበጣጠሳል። ዶክተሯ ሁለት ቁራጭ አግኝተው እንደ አንድ እንስሳ ገጥመውት ኖሯል። ተቀመጡ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ደብተራቸውን ከፍተው አንድ ሙሉ ገጽ በላጲስ አጠፉ።

«ማየት የት ተማርሽ?»

«ጅማ። ሰገራ ላይ።»

ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። በአራተኛው ወር ረዳታቸው ሆኜ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ከጽዳቱ ብዙም አልበለጠም፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል። «እርስዎ አትበይኝ፣ እዚህ አገር ይከብደኛል» ብለው ብዙ ጊዜ ለምነውኛል። አፌ እምቢ አለ። ይኸው በጽሑፍም እምቢ ብሏል።

ሥራው እንዲህ ነው። የምርምር መርከብ ወደ ዋልታው ባሕር ይሄዳል፤ ከሦስት ሺህ ሜትር ጥልቀት ጭቃ ቆፍሮ ያወጣል፤ ጭቃው በባልዲ ታሽጎ እኛ ዘንድ ይመጣል። እኔ በጠባብ ወንፊት ላይ አጥበዋለሁ። ውሃው ከበረታ ትሉ ይቆረጣል፤ ከሳሳ ጭቃው አይለቅም። ውሃው እጄ ላይ ሲወርድ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጌ መክፈትን ለመልመድ ሦስት ወር ፈጀብኝ። የተረፈውን በሰሃን አድርጌ በማይክሮስኮፕ ሥር እለቅማለሁ፤ አንድ ሰሃን አንድ ቀን ይወስዳል። ወረንጦ ዶክተሯ ዘንድ ክልክል ነበር። ትል የሚነሳው በላባ ነው፤ ከመናፈሻ የዳክዬ ላባ ለቅመው ጫፉን በምላጭ ያሾሉታል። ስያሜ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ወረቀቱም ብልቃጡ ላይ አይለጠፍም፤ ከትሉ ጋር ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ንባባቸው ነው። የአንድን አዲስ ዝርያ መልክ ጽፈው ሲጨርሱ ጀርባዬን ለማይክሮስኮፑ አዙረው ያስቀምጡኝና ጽሑፉን ጮክ ብለው ያነቡልኛል። እኔ ትሉን ሳላይ ከሰማሁት ብቻ እሥላለሁ። ሥዕሌ ትሉን ካልመሰለ ጽሑፉ ይቀደዳል። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ የቃሉ ነው» ይላሉ። ስድስት ጊዜ የተቀደደ ገጽ አውቃለሁ።

ኪዳነ ምሕረት ስንሳለም የማገኛቸው ሴቶች ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ትል እለቅማለሁ» እላለሁ። ይሳሳቃሉ። ምስር የምለቅም ይመስላቸዋል። እኔ ግን ደስተኛ ነበርኩ፤ ይህንንም ካልጻፍኩ ውሸታም እሆናለሁ።

በአምስተኛው ዓመት ከደቡብ ዋልታ ከመጣ ጭቃ አንዲት ትል አገኘሁ። ዐይን የላትም። ጀርባዋ በቅርፊት ተሸፍኗል። የእግሮቿ ጠጉር ጫፉ እንደ ማንኪያ ሰፍቶ ጎድጎድ ብሏል። እንዲህ ያለ ጠጉር ዶክተሯም አይተው አያውቁም፤ መጻሕፍቱን አገላብጠን፣ ከሌላ አገር ሙዚየሞች ናሙና ተውሰን አስተያየን፤ የለም። አዲስ ዝርያ ነበረች። ባልዲዎቹን ሁሉ አጥቤ ሁለተኛ አላገኘሁም። በዓለም ላይ አንዲት ብቻ፣ እሷም እኔ ሰሃን ላይ።

«ሥዕሉን አንቺ ሥሪ» አሉኝ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግማሹን ሥዬ ሳለ ከሊያ ትምህርት ቤት ተደወለ። ከመሰላል ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ካፖርቴን በአንድ እጄ እየለበስኩ ሮጥኩ። ሰሃኑን አልከደንኩም። መብራቱን አላጠፋሁም። እሑድ ሊያን ሾርባ እያጎረስኩ ሳለ ትዝ አለኝ፤ ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት አልኮሉ ተንኖ አልቆ፣ ትሏ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርጭቆው ላይ ተጣብቃ አገኘኋት። ጠብታ ውሃ ብጨምርባት ትመለሳለች ብዬ ጨመርኩ። ተፈረካከሰች።

ዶክተሯ ሲገቡ ሰሃኑን አሳየኋቸው። አልጮኹም። «ሥዕሉ አልቋል?» አሉ። «ግማሹ» አልኩ። የናሙና መዝገቡን አምጥተው ፊቴ ከፈቱና እርሳሱን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። «ጻፊ።»

«ናሙናው ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ። ላጲሱን አንስተው አጠፉት።

«አልጠፋም። ምን ሆነ?»

«ደረቀ።»

«ራሱን አደረቀ?»

«እኔ አደረቅሁት።»

«እሱን ጻፊ። ስምሽንም ከሥሩ።»

ጻፍኩ። የሊያን ክንድ ነገርኳቸው፤ «ልጅሽ ትሻላት። መዝገቡ ግን ስለ ልጅሽ አይጠይቅም» አሉኝ። ያን ቀን ጠላኋቸው። አንድ ወር ሙሉ ጭቃ ከማጠብ በቀር ሥራ አልሰጡኝም። ዛሬም ትክክል ነበሩ ለማለት ይከብደኛል። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ናሙና አላበላሸሁም።

ያን ባሕር የማየት ዕድል ሁለት ጊዜ መጥቶልኝ ነበር። መጀመሪያ ዶክተሯ መርከቡ ላይ ቦታ አስያዙልኝ፤ የስደተኛ የጉዞ ሰነዴ አላስኬድም አለ። ሁለተኛው ጊዜ ዜግነቴን ይዤ፣ ወፍራም ካልሲ ሁሉ ገዝቼ ነበር። ያኔ ዶክተሯ ጡረታ ወጥተው ሩበን ተተክቷል። «ለመርከቡ ቴክኒሻን አያስፈልግም» ብሎ ዝርዝሩ ላይ የነበረውን ስሜን ሰረዘ። ሃያ አራት ዓመት የሠራሁበትን ባሕር በዐይኔ አላየሁትም። የማውቀው ጭቃውን ነው፤ ሽታውን፣ ክብደቱን፣ ጥፍር ውስጥ ሲገባ የሚተወውን ግራጫ።

ሩበን ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ፈገግተኛ ነው፤ ልደቴን ያስታውሳል። ትል ግን አያይም። ከትሉ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ ዲኤንኤውን ያስነብባል፤ «ኮዱ ከተገኘ መልኩ ትርፍ ዝርዝር ነው» ይላል። ኮዱ ከሌላ ኮድ ጋር ካልገጠመለት ግን ያው ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

ያቺ ትል በደረቀች በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ ያው መርከብ ከዚያው አካባቢ ሌላ ጭቃ አመጣ። በዘጠነኛው ባልዲ ላይ ማንኪያ የመሰለ ጠጉር አየሁ። ላባውን አስቀመጥኩ። ውጭ ወጥቼ ሕንፃውን አንድ ጊዜ ዞሬ ተመለስኩ። አለች። በዚያ ሳምንት ሁለት ሌሎች ጨመርኩ። ሦስት!

ሥዕሉንም ጽሑፉንም አምስት ወር ሠራሁት። ዶክተር ኮርኔሊያ ያኔ ዴን ሃግ የአረጋውያን መንከባከቢያ ገብተው ነበር፤ ዐይናቸው ጠፍቶ። ቅዳሜ በባቡር ሄጄ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩና ጽሑፉን አነበብኩላቸው። ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ይሄዳል፤ ይሥላሉ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«'ትንሽ ጎድጎድ ያለ' አልሽ። ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? ከወርዱ ሩቡ ነው? ግማሹ?»

«ሲሶው።»

«እና ሲሶው በያ!»

አራት ቅዳሜ ተመላለስኩ። በአራተኛው ጣታቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆም ሄደ። «አሁን ታየችኝ» አሉ። በዚያ ክረምት አረፉ።

ጽሑፉን ለሩበን ሰጠሁት። የዲኤንኤውን ክፍል ይጨምርበትና አብረን እናወጣዋለን ብዬ ነው። ወራት አለፉ። አንድ ቀን «ሁላችሁም ካንቲን ኑ» ተባለ። ኬክ ተቆርጧል። ሩበን ስክሪኑ ላይ የእኔን ሥዕል አበራና በሳይንስ መጽሔት ሊወጣ ተቀባይነት ያገኘ አዲስ ዝርያ መሆኑን አበሰረ። «ስሙንም ለወይንሸት ሰጥተነዋል!» አለ። ትሏ በላቲን አነጋገር ወይንሸት ተብላለች። ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበ፤ አንዷ አቀፈችኝ። እኔም እንደ ሞኝ ኬኬን በላሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሼ ሙሉውን አነበብኩ። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ «ከወርዱ ሲሶ» የሚለው ሳይቀር። ሥዕሎቹ የእኔ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ሩበንና ፊታቸውን አይቼ የማላውቅ ሁለት ሰዎች ናቸው። እኔ ያለሁት መጨረሻ ላይ ባለው ምስጋና ውስጥ፣ ከመርከቡ ወጥ ቤት ሠራተኞች ቀጥሎ ነው።

በማግስቱ ቢሮው ገባሁ።

«ይሄ ጽሑፍ የእኔ ነው» አልኩት።

«ትልቅ አስተዋጽኦ አለሽ እኮ። ለዚያ ነው ስምሽን የሰጠነው። ስንቱ ይመኘዋል!»

«ከጸሐፊዎቹ ውስጥ ለምን የለሁም?»

«ታውቂዋለሽ። ማንም ሰው ራሱ ለገለጸው ዝርያ የራሱን ስም አይሰጥም፤ ነውር ነው። ጸሐፊ ብናደርግሽ ስምሽን ልንሰጣት አንችልም ነበር።»

«ስሜን ከትሏ ላይ አንሱና እላይ አድርጉት።»

ፈገግታው ጠፋ። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «ተይው፣ ወይንሸት። የመጀመሪያውን ናሙና ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፤ መዝገቡ ላይ አለ። ነገሩ ኮሚቴ ፊት ከቀረበ እሱም ይነሳል። ላንቺው አስቤ ነው።»

«ይነሳ! በእጄ የጻፍኩት ነው፤ ስሜም ከሥሩ አለ። አንተ እዚያ መዝገብ ላይ በእጅህ የጻፍከው አንድ መስመር ካለ አሳየኝ።»

በሩን ክፍት ትቼው ወጣሁ።

ሊያ ራይስዋይክ ነው የምትኖረው፤ ዴን ሃግ ቢሮ ትሠራለች። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። «እማዬ፣ ትል ነው እኮ! ጡረታሽ ደርሷል፤ ምን ያደርግልሻል?»

«ስትወለጂ ማን ወለደሽ ተብሎ የጎረቤት ስም ቢጻፍ ትስቂያለሽ?»

ኮምፒውተሯን ከፈተች። ደብዳቤውን አብረን ጻፍን፤ እኔ በአማርኛ እሳደባለሁ፣ እሷ በጨዋ ደች ትገለብጠዋለች። አንዱን ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣ አንዱን ዴን ሃግ ላለው የበላይ መሥሪያ ቤታችን ላክን። አዘጋጁ ሕትመቱን አገደ።

ዴን ሃግ ሦስት ሰዎች ፊት ቀረብኩ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «የትምህርት ደረጃዎ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ስለ ትሏ አይደለም። የጅማውን ዲፕሎማ ነገርኳቸው። አንዱ ማስታወሻው ላይ ጫር አደረገ። ከዚያ ሃያ ሦስት ሥዕል፣ የአምስት ወር ረቂቅ፣ በየገጹ ቀን የተጻፈበት፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። «ከናንተ ማንም ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያንብብልኝ፤ ትሏን ሳላይ እሥላታለሁ። ሩበንም ይሣል» አልኳቸው። ሩበን ጣሪያውን ያይ ነበር። ማንም አላነበበም።

ከብዙ ወር በኋላ ውሳኔው መጣ፤ ስሜ ከጸሐፊዎቹ መጨረሻ አራተኛ ሆኖ ይግባ፣ «አለመግባባቱ በቅንነት የተፈጠረ ነው» ይላል። በቅንነት! ትሏ በዶክተር ኮርኔሊያ ስም እንድትጠራ ጠየቅኩ፤ እሱ ብቻ ያለ ክርክር ተፈቀደልኝ። ሩበን ይቅርታ አልጠየቀኝም። በዚያው ዓመት የብልቃጦቹ ስብስብ አምስተርዳም ቦታ ያጣብባል ተብሎ ወደ ሮተርዳም መጋዘን ተዛወረ፤ እኔም አብሬ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት መስኮት በሌለው ምድር ቤት፣ ብቻዬን ሠራሁ። ያልታጠበው ባልዲ ከእኔ ቁመት በላይ ተደርድሯል። ስወጣ በቦታዬ ሰው አልተቀጠረም። መደቡ ተሰርዟል።

ከስንብቱ ሁለት ወር በኋላ ዳፐር ገበያ ቃሪያ እየመረጥኩ ስልኬ ጮኸ። ሩበን ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሊያ ጠየቀኝ። ከዚያ ከሰሜን ዋልታ ጭቃ መምጣቱን፣ ከውስጡ ስድስት ትሎች መገኘታቸውን፣ ኮዳቸው ከምንም ጋር አለመግጠሙን ነገረኝ።

«ምን ይመስላሉ?» አልኩት፤ አፌ ቀደመኝ።

«እሱን እኮ ነው። ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ላንቺ የአንድ ቀን ሥራ ቢሆን ነው። በበጎ ፈቃደኝነት ብትመጪ፣ የባቡሩን እንከፍላለን።»

የያዝኩት ቃሪያ እጄ ውስጥ ተሰበረ። መሄድ እንዴት እንደፈለግኩ ለማንም አልተናገርኩም። እነዚያን ስድስት ትሎች ለማየት በእግሬ ሮተርዳም ድረስ እሄድ ነበር።

«ጽሑፉ ላይ ስሜ ስንተኛ ነው?» አልኩት።

«እሱን በኋላ እናየዋለን...»

«አሁን እየው። ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ከሆንኩ ስሜ አንደኛ ነው። ይህን በደብዳቤ ላክልኝ፤ በማግስቱ መጋዘኑ በር ላይ ታገኘኛለህ።»

ሻጩ ሚዛኑን ይዞ ይጠብቀኛል። ሩበን «አስብበታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ይህ ከሆነ ሰባት ወር አልፏል። ደብዳቤው አልመጣም። ስድስቱ ትሎች ሮተርዳም ምድር ቤት፣ ብልቃጥ ውስጥ፣ ያለ ስም ተቀምጠዋል።